ስልኩ ለባለቤቱ ወይስ ባለቤቱ ለስልኩ?

ለንባብና ለውይይት

1. በአንድ ቤት የሆነው

በዚህ ክረምት ማንበብና መጻፍ ለማስተማር ተመድቤ ወደ ገጠር ስመጣ ያረፍኩት ከአንድ ገበሬ ቤት ነው። የቤቱን ጌታ «አባባ»፣ ባለቤታቸውን «እማማ» እላቸዋለሁ። እነሱም «አስተማሪው» ይሉኛል። ዕድሜዬ ግን ገና 21 ዓመት ነው።

አባባና እማማ የ17 ዓመት ወንድ ልጅ አላቸው። ዘንድሮ አሥረኛ ክፍልን ጨርሷል። አምና አባባ ሁለት በግ ሸጠው ስማርት ስልክ ገዙለት። «ለትምህርቱ ይረዳዋል አሉኝ፤ ገዛሁለት» ይላሉ።

አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከእንቅልፌ ነቃሁ። ቤቱ ጨለማ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከመደቡ ላይ ግን በጋቢ ውስጥ ብርሃን ይታያል። ልጁ ስልኩን እያየ ነው። ምንም ሳልናገር ተመልሼ ተኛሁ።

በማግሥቱ ልጁ በሬዎቹን ይዞ ወጣ። ረፋዱ ላይ ጩኸት ሰማን። በሬዎቹ ከጎረቤት ባቄላ ውስጥ ገብተዋል። ግማሹን በልተውታል፤ ግማሹን ረጋግጠውታል። ልጁ ከግራር ሥር ተኝቶ ተገኘ። ስልኩ ከደረቱ ላይ ነበር።

አባባ ከሽማግሌዎች ፊት ቀርበው የባቄላውን ካሣ ሊከፍሉ ተስማሙ። ወደ ቤት ሲመለሱ ምሳራቸውን አነሡ። «ይህን ስልክ ዛሬ እከትፈዋለሁ!» አሉ።

እማማ እጃቸውን ያዙ። «ይተዉ እባክዎ! ስልኩን እሰብራለሁ ሲሉ ልጄን እንዳይሰብሩብኝ» አሉ።

አባባ ወደኔ ዞሩ። «አንተ የተማርክ ነህ። እስቲ ንገረኝ። ልጄ ሰነፍ አልነበረም። ይሄ ነገር ምን አድርጎበት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ወዲያው መልስ አልሰጠሁም። አፍሬ ነበር። የልጁ ነገር በኔም ደርሶብኛል። በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ሌሊቱን በስልክ አሳልፍ ነበር። «አሁን እተኛለሁ፤ አንድ ብቻ ልይ» እያልኩ ይነጋብኛል። ጠዋት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል። በመጨረሻ አንድ ፈተና ወደቅሁ። ለእናቴ «አሞኝ ነበር» ብዬ ዋሸኋት። እናቴ ለመድኃኒት ብላ ገንዘብ ላከችልኝ። ያ ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ይህን ለአባባ ነገርኳቸው። ምሳሩን አስቀመጡ። ከዚያም ቁጭ ብለን ተወያየን። ይህ ንባብ የዚያ ውይይት ውጤት ነው።

2. ስልክ ክፉ ነገር ነው ወይ?

ስልክ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ገበሬ ከማሳው ሳይርቅ የእህል ዋጋ በስልክ ይጠይቃል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ገበሬዎች በ8028 ቁጥር እየደወሉ የግብርና ምክር የሚሰሙበት አገልግሎት ተጀመረ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህም በቴሌብር ገንዘብ መላክና መቀበል ተችሏል። በሩቅ አገር ያለ ልጅ ድምፁን ለእናቱ የሚያሰማው በስልክ ነው።

ስልክ እንደ እሳት ነው። እሳት ከምድጃ ሲሆን እንጀራ ይጋግራል። ከጣሪያ ሲወጣ ቤት ያቃጥላል። ታዲያ ቤታችን እንዳይቃጠል ብለን እሳትን ከቤት አናወጣም። ቦታውን እናበጅለታለን እንጂ።

በስልክ ውስጥ ካሉት ነገሮች ወጣቱን በጣም የሚይዘው ማኅበራዊ ሚዲያ የሚባለው ነው። ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ኢንስታግራምና የመሳሰሉት ናቸው። በነዚህ ላይ ሰው ፎቶና ቪዲዮ ያወጣል፤ ሌላው አይቶ አስተያየት ይሰጣል። ፌስቡክ በአሜሪካ አገር የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። ቲክቶክን የፈጠረው ደግሞ ባይትዳንስ የተባለ የቻይና ኩባንያ ነው።

አባባ እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ልጄ ለማየት የሚከፍለው የኢንተርኔቱን ብቻ ነው። ታዲያ ባለቤቶቹ በምን ይከብራሉ?» አሉ።

መልሱ ይህ ነው። ባለቤቶቹ ገንዘብ የሚያገኙት ከማስታወቂያ ነው። በገበያ ቀን ነጋዴ ብዙ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ዕቃውን ይዘረጋል። ማኅበራዊ ሚዲያም እንዲሁ ነው። ሰው ብዙ ሰዓት ባየ ቁጥር ብዙ ማስታወቂያ ያያል። ማስታወቂያ አስነጋሪውም ለኩባንያው ብዙ ይከፍላል። ስለዚህ ለገበያ የሚቀርበው የልጃችን ጊዜ ነው። ባለቤቶቹ የሚደክሙትም ልጃችን ስልኩን እንዳያስቀምጥ ነው።

3. እርግቧና እህሉ

ሰው ስልኩን ማስቀመጥ የሚያቅተው ለምንድን ነው? ይህን ለመረዳት የአንድ አሜሪካዊ ተመራማሪን ሥራ እንይ። ስሙ ስኪነር ይባላል። ከ70 ዓመት ገደማ በፊት እርግቦችን በሣጥን ውስጥ እያስገባ ጠባያቸውን ያጠና ነበር።

በሣጥኑ ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ነገር አለች። እርግቧ ክቧን በምንቃሯ ስትነካ እህል ይወርድላታል። በነካች ቁጥር እህል የሚወርድላት እርግብ ስትራብ ትነካለች፤ ስትጠግብ ታርፋለች።

ስኪነር ቀጥሎ ነገሩን ለወጠው። አሁን እህሉ የሚወርደው አንዳንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንዴ በሦስተኛው፣ አንዴ በሃያኛው፣ አንዴ በሰባተኛው ይወርዳል። እርግቧ መቼ እንደሚወርድ አታውቅም። በዚህ ጊዜ ያለማቋረጥ ትነካ ጀመር። እህሉ ቢቀርባትም ቶሎ ተስፋ አትቆርጥም። «ምናልባት የሚቀጥለው ይሆናል» የምትል ይመስላል።

ቁማርተኛን ከቁማሩ የሚያስረው ይኸው ነገር ነው። ሁልጊዜ ቢበላ ይሰለቸው ነበር። ሁልጊዜ ቢበላበት ይተወው ነበር። አንዳንዴ ስለሚቀናው ግን ይቆያል።

ማኅበራዊ ሚዲያም እንዲሁ ነው። ልጁ በጣቱ ገጹን ወደ ላይ ይገፋል። የሚመጣለት አብዛኛው ገለባ ነው። አንዱ ግን ያስቀዋል። አንዱ ያስደንቀዋል። እሷን አንዲቷን ፍለጋ ሌላ መቶ ይገፋል። አባቶች «ከብት ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» የሚሉት ይህ ነው።

እንግዲህ ልጁ ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አልተያዘም። ወጥመዱ በሚገባ ስለተሠራ ተይዟል። ቆቅ በወጥመድ ብትገባ ሞኝነቷ ብቻ አይደለም፤ የአጥማጁም ብልሃት አለበት።

4. ጫፍ የሌለው እርሻ

ገበሬ ሲያርስ ትልሙ ጫፍ አለው። ከጫፉ ሲደርስ በሬውን ያዞራል። እግረ መንገዱንም ትንሽ ይተነፍሳል። ፀሐይዋን ያያል። «ይበቃል» ወይም «አንድ ትልም ልጨምር» ብሎ ይወስናል። ጫፍ መኖሩ ለማሰብ ዕድል ይሰጠዋል።

መጽሐፍም ጫፍ አለው። ገጹ ሲያልቅ እንገልጣለን፤ ወይም እንዘጋለን። በመጀመሪያ ጊዜ በኢንተርኔት ያለ ጽሑፍም እንደዚሁ ነበር። ገጹ ሲያልቅ አንባቢው «ቀጥል» የሚለውን መጫን ነበረበት።

በ1998 ዓ.ም. ገደማ አዛ ራስኪን የሚባል አሜሪካዊ ባለሙያ መጨረሻ የሌለው ገጽ ሠራ። አንባቢው ሳይጠይቅ ሌላው ራሱ ይመጣል። ይህ ሰው ሥራው ለሰው ያመጣውን ጣጣ ካየ በኋላ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ጫፍ የሌለው እርሻ በሬውንም ገበሬውንም ይጥላል። ሠሪው ራሱ ይህን ዘግይቶ ተረዳ።

በየካቲት 2001 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ «ላይክ» የሚባለውን ምልክት አመጣ። አንድ ሰው ፎቶ ሲያወጣ ያዩት ሰዎች «ወደድኩት» ለማለት ይጫኑታል። ነገሩ ደግ ይመስላል። ነገር ግን ወጣቱ ፎቶ ባወጣ ቁጥር ስንት ሰው እንደወደደው መቁጠር ይጀምራል። 50 ሰው ከወደደው ደስ ይለዋል። 3 ሰው ብቻ ከወደደው «እኔ ምን ጎደለኝ?» ይላል። የሰው ክብር በቁጥር የሚለካ ይመስለዋል።

የፌስቡክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበረው ሾን ፓርከር በ2010 ዓ.ም. በአደባባይ ሲናገር ነገሩን አልሸሸገም። ሲሠሩት ያሰቡት የሰውን ጊዜና ልብ በተቻለ መጠን ለመያዝ እንደነበረ፣ ይህንንም እያወቁ እንዳደረጉት ገልጿል።

5. የተሰረቀ እንቅልፍ

ከሁሉ በፊት የሚጎዳው እንቅልፍ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት በየሌሊቱ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለበት የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። ይህ ለስንፍና አይደለም። ሰውነት የሚያድገው፣ የተማሩትም ነገር በልብ የሚቀመጠው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይቆጣል፤ ይረሳል፤ ቶሎ ያዝናል።

የአባባን ልጅ ነገር እናስላ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይተኛል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይነሣል። የተኛው 3 ሰዓት ብቻ ነው። ቢያንስ 8 ሰዓት መተኛት ነበረበት። ስለዚህ በአንድ ሌሊት 5 ሰዓት ተሰርቋል።

በ30 ሌሊት ስንት ይሆናል? 5 ጊዜ 30፣ 150 ሰዓት ነው። አንድ ገበሬ በቀን 6 ሰዓት ያርሳል እንበል። 150ን ለ6 ብናካፍል 25 ይሆናል። ስለዚህ ልጁ በአንድ ወር የ25 ቀን እርሻ የሚያህል እንቅልፍ አጥቷል።

አባባ ይህን ስሌት በእንጨት መሬት ላይ ራሳቸው ጻፉት። ሁለት ጊዜ አረጋገጡት። ከዚያም «ታዲያ በሬ ሲጠብቅ ቢያንቀላፋ ምን ይገርማል?» አሉ። ድምፃቸው የበፊቱ ቁጣ አልነበረበትም።

6. በፎቶ የማይታየው

ሁለተኛው ጉዳት ራስን ከሌላው ጋር ማወዳደር ነው። ድሮ አንድ ወጣት ራሱን የሚያወዳድረው ከመንደሩ ልጆች ጋር ነበር። የነሱን ደስታም ችግርም ያውቃል። ዛሬ ግን ከዓለም ሁሉ ጋር ይወዳደራል። የሚያየውም የሰውን መልካም ቀን ብቻ ነው። ማንም ሰው ሲራብና ሲያለቅስ ፎቶ አንሥቶ አያወጣም። ሠርጉን ያወጣል፤ ልብሱን ያወጣል። አንዳንዱም የሌላ ሰው መኪና ተደግፎ ይነሣል።

በመስከረም 2014 ዓ.ም. የፌስቡክ ኩባንያ የውስጥ ጥናት ለሕዝብ ወጣ። ያወጣችው በኩባንያው ውስጥ ትሠራ የነበረች ፍራንሲስ ሆገን የምትባል ባለሙያ ናት። የኩባንያው የራሱ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከተጠየቁት ወጣት ሴቶች ከመቶው 32ቱ ስለ ሰውነታቸው ክፉ ስሜት ሲያድርባቸው ኢንስታግራም ስሜቱን እንዳባሰባቸው ተናግረዋል።

በግንቦት 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና አማካሪ የነበሩት ሐኪም ቪቬክ ሙርቲ ማስጠንቀቂያ አወጡ። በቀን ከ3 ሰዓት በላይ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያሳልፉ ልጆች ለጭንቀትና ለድባቴ ምልክቶች የመጋለጥ ዕድላቸው እጥፍ መሆኑን ገለጹ።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። ያዘነ ሁሉ ስልክ አሳዘነው ማለት አይደለም። ሐዘን፣ ድህነት፣ ጦርነት፣ ሥራ ማጣት ልብን ይሰብራሉ። ደግሞም አስቀድሞ ያዘነ ልጅ ሐዘኑን ለመርሳት ወደ ስልክ ይሸሻል። ስልኩ እንቅልፉን ይነሣዋል። እንቅልፍ ማጣቱ ሐዘኑን ያብሰዋል። ሐዘኑ መልሶ ወደ ስልኩ ይገፋዋል። እንደ አውድማ በሬ በአንድ ቦታ ይዞራል። ስለዚህ «ስልኩን ጣለው» ማለት ብቻ አይበቃም። «ከምን እየሸሸህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

7. ሐዘን መቼ በሽታ ይሆናል?

ሰው ማዘኑ ያለ ነው። ሐዘኑ ግን ሳይለቅ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህን በሽታ ሐኪሞች ድባቴ ይሉታል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

ሀ. ቀኑን ሙሉ መከፋት፣ ቀድሞ ያስደስት የነበረውን ነገር መጥላት።
ለ. እንቅልፍ ማጣት ወይም ያለ ልክ መተኛት።
ሐ. ምግብ አለመፈለግ፣ መክሳት።
መ. ከሰው መራቅ፣ ማልቀስ፣ በጥቂቱ መቆጣት።
ሠ. «እኔ ለምንም አልረባም፤ ብሞት ይሻለኛል» ማለት።

ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ጠባዩ ተበላሸ» ይላል። ሌላው «ቡዳ በላው» ይላል። ጸበል የሚወስደውም አለ። ጸበል የሚጠጣ ሰው ሐኪም ቤት ከመሄድ አይከለከልም። ድባቴ እንደ ወባ ሁሉ ሕክምና ያለው በሽታ ነው። በምክርም በመድኃኒትም ይድናል። ነገሩን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንገር፣ ቀጥሎም ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል።

«ብሞት ይሻለኛል» የሚል ልጅ ካለ ነገሩን እንደ ቀልድ አንውሰደው። በቀጥታና በርኅራኄ እንጠይቀው። መጠየቁ ያልነበረ ሐሳብ አያመጣበትም፤ እንዲያውም ያቀልለታል። ለብቻው አንተወው። ለሰብል የምንረጨውን የፀረ ተባይ መድኃኒት ከቤት አርቀን እንቆልፍበት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

8. ምን እናድርግ?

አንዳንድ መንግሥታት ሕግ አውጥተዋል። በአውስትራሊያ አገር ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ኩባንያዎች ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በማኅበራዊ ሚዲያ መዝገብ እንዳይከፍት እንዲከለክሉ ተገደዋል። እኛ ግን ሕግ እስኪመጣ ድረስ በቤታችን የምናደርገው ብዙ ነገር አለ።

አንደኛ፣ ስልክ የሚተኛበት ቦታ ይኑረው። ማታ ከራት በኋላ የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ በአንድ ቦታ ይቀመጥ። የአባትም ስልክ ይጨመር። አባት እያየ ልጁን ቢከለክል ልጁ አይሰማውም።

ሁለተኛ፣ የሚጮኸውን ድምፅ እናጥፋ። ስልክ «አዲስ ነገር መጣ» እያለ ሲጮህ ልብን ይጠራል። ልጁ ራሱ ሊያጠፋው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጫፍ እናብጅለት። «ይህች ሻማ እስክታልቅ» ወይም «ቡናው እስኪፈላ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን ይጠቅማል።

አራተኛ፣ በአንድ ቀን አንንጠቅ። የለመደ ነገር በድንገት ሲቀር ልጁ ይቆጣል፤ ይደበቃል። ከ5 ሰዓት ወደ 3፣ ከ3 ወደ 1 እያሉ መቀነስ ይሻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አምስተኛ፣ በባዶው ቦታ ሌላ ነገር እንተካ። ኳስ፣ ማኅበር፣ ከጓደኛ ጋር ጨዋታ፣ የራሱ የሆነች አንዲት ጥማድ መሬት ወይም ጥቂት ዶሮዎች። ሥራው የራሱ ከሆነ ልቡ ይመለሳል።

ስድስተኛ፣ እናዳምጠው። ይህ ከሁሉ ይበልጣል። በዚምባብዌ አገር የሆነውን እንመልከት።

በዚያ አገር የአእምሮ ሐኪም በጣም ጥቂት ነበር። በ1999 ዓ.ም. ገደማ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ ሐኪም ከ14 አሮጊቶች ጋር ሥራ ጀመረ። አሮጊቶቹን አሠለጠናቸው። ከጤና ጣቢያ ግቢ ከዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ተደረገላቸው። የከፋው ሰው ይመጣል፤ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ይናገራል። እነሱ አይቆጡም፤ አይፈርዱም። ያዳምጣሉ። ከዚያም «ከችግሮችህ አስቀድመን የትኛውን እንፍታ?» ይሉታል። የአገሩ ሰው በሽታውን «ኩፉንጊሲሳ» ይለዋል፤ አብዝቶ ማሰብ ማለት ነው። እኛ መብሰልሰል እንለዋለን። በ2009 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በሐራሬ ከተማ 24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ከአሮጊቶቹ ጋር የተነጋገሩት ከሌሎቹ ይልቅ በእጅጉ እንደተሻላቸው አረጋገጠ።

አሮጊቶቹ ዶክተሮች አልነበሩም። ሥልጠናና ጆሮ ግን ነበራቸው። በኛም መንደር ጆሮ ያለው ሰው አይጠፋም።

9. በዚያ ቤት የተገኘው

እሑድ እማማ ቡና አፈሉ። አባባ ልጁን አጠገባቸው አስቀመጡት። ስለ ባቄላው አላነሡም። «ልጄ፣ አልቆጣህም። ሌሊት ሌሊት የሚያስቀምጥህ ምንድን ነው?» አሉት።

ልጁ አቦሉ እስኪያልቅ ዝም አለ። በቶናው ላይ ተናገረ።

«አብሮኝ የተማረው ልጅ ጂዳ ገብቷል። ከመኪና አጠገብ ቆሞ ፎቶ አወጣ። እኔ እዚህ ጭቃ ውስጥ ነኝ። ከዚያ አንድ የማላውቀው ሰው በስልክ ይጽፍልኝ ጀመር። ‹በጅቡቲ አሻግርሃለሁ፤ አሁን ብር አትከፍልም፤ ስትደርስ ዘመዶችህ ይከፍላሉ› ይለኛል። መልስ የሚሰጠው ሌሊት ነው» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እማማ ስኒውን ከረከቦቱ ላይ አስቀመጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይህ መንገድ የሚያደርሰው ወዴት እንደሆነ ብዙ ቤተሰብ ያውቃል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በየመን አገር በአብያን ጠረፍ አጠገብ ስደተኞች የጫነች ጀልባ ተገልብጣ ከ60 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። «ስትደርስ ትከፍላለህ» የሚለው ደላላም ልጁን መንገድ ላይ አስይዞ ከቤተሰቡ ብዙ ብር ይጠይቃል።

አባባ «እስቲ ስልኩን ስጠኝ» አሉ። ሰጣቸው። አባባ በዚህ ክረምት ፊደል ቆጥረዋል። መነጽራቸውን አደረጉ። የደላላውን መልእክት ፊደል በፊደል እየጠሩ ራሳቸው አነበቡት። ሲጨርሱ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ያን ቀን ከትፌው ቢሆን ኖሮ ይህን መች አነብ ነበር? ልጄ ስልኩን አጥቶ በእግሩ ይሄድብኝ ነበር» አሉ።

በማግሥቱ እማማ ወደ ጂዳው ልጅ እናት ሄዱ። ሴትየዋ አለቀሱ። ልጃቸው የሰው ፍየል ይጠብቃል። መኪናው የአሠሪው ነው።

ልጁ ይህን ሲሰማ ምንም አልተናገረም። ማታ ግን ስልኩን ራሱ አምጥቶ እናቱ ካዘጋጁት ቦታ አስቀመጠው። ሦስተኛ ቀን ሌሊት ተነሥቶ ሲወስደው አየሁት። ጠዋት ለአባቱ ራሱ ነገራቸው። አባባም አልተቆጡም። «እንግዲህ ዛሬ እንደገና እንሞክራለን» አሉት። ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው ሌሊት ይተኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ የገበያውን ዋጋ በስልክ ጠይቆ ለአባቱ ይጽፍላቸዋል። አባባ ያነቡታል።

እኔም በዚያ ሳምንት ለእናቴ ደወልኩላት። ያን ጊዜ እንዳልታመምኩ ነገርኳት።

አዳዲስ ቃላት

ማኅበራዊ ሚዲያ፦ ሰዎች በኢንተርኔት ፎቶ፣ ቪዲዮና ጽሑፍ የሚለዋወጡበት ቦታ።
ላይክ፦ በማኅበራዊ ሚዲያ «ወደድኩት» ለማለት የሚጫኑት ምልክት።
ድባቴ፦ ሳይለቅ የሚቆይ ብርቱ የሐዘን በሽታ።
መብሰልሰል፦ በአንድ ነገር ላይ አብዝቶ ማሰብና በውስጥ መጨነቅ።
ደላላ፦ እዚህ ላይ፣ ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ውጭ አገር የሚያሻግር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. እርግቧ ክቧን መንካት ያልተወችው ለምንድን ነው? በመንደራችሁ እንደዚህ ያለ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ?
2. አባባ ስልኩን ከትፈውት ቢሆን ምን ይሆን ነበር?
3. በቤታችሁ ስልክ የሚተኛበት ቦታ የት ቢሆን ይሻላል? ከልጆቻችሁ ጋር ተመካከሩና ወስኑ።
4. በመንደራችሁ ወጣቶች የከፋቸውን ነገር የሚነግሩት ለማን ነው? ሰሚ ከሌለ ማን ሊሆን ይችላል?

መልመጃ

1. አንዲት ወጣት በየሌሊቱ 4 ሰዓት በስልክ ታሳልፋለች። በ30 ሌሊት ስንት ሰዓት ይሆናል? ለ6 ብታካፍሉት የስንት ቀን እርሻ ይሆናል?
2. ልጃችሁን «ምን ሆነህ ነው?» ወይም «ምን ሆነሽ ነው?» ብላችሁ የምትጠይቁበትን አጭር ደብዳቤ በሦስት መስመር ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለልጁ ወይም ለልጅቱ ራሳችሁ አንብቡላቸው።